ኮምፒውተር አልነሳ ሲል፦ የዊንዶውስ የራሱ መጠገኛ ምን ያህል ይታመናል?

የቤት ኮምፒውተር አልነሳ ባለ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው የመጀመሪያ መፍትሔ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ማሽኑ ጥገና ቤት ይገባል፣ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫንበታል፣ ባለቤቱም ለዓመታት ያጠራቀመውን የቤተሰብ ፎቶግራፍ፣ የትምህርት ማስረጃና የሥራ ሰነድ አጥቶ ባዶ ኮምፒውተር ይረከባል። ከዚህ ኪሳራ አብዛኛው ሊቀር የሚችል ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ በዚህ ግምገማ የምመለከተው ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 10 እና በዊንዶውስ 11 ውስጥ አብሮ የሚያስቀምጠውን፣ ነገር ግን ብዙ ተጠቃሚ ስሙን እንኳ ሰምቶት የማያውቀውን የማዳኛ መሣሪያ ነው። ሙሉ ስሙ ዊንዶውስ ሪከቨሪ ኢንቫይሮመንት ይባላል፤ ከዚህ በኋላ ባጭሩ ሪከቨሪ እለዋለሁ።

ፍርዴን ከወዲሁ ላስቀምጥ። መሣሪያው ጥሩ ነው፣ ያለ ክፍያም የተገኘ ነው፤ ሆኖም ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጫነው ስታርትአፕ ሪፔር የተባለው ቁልፍ ከክፍሎቹ ሁሉ ደካማው ነው። የመሣሪያው እውነተኛ ዋጋ የሚገኘው ተጠቃሚው ተስፋ ቆርጦ ገጹን ከዘጋ በኋላ ሳይደርስባቸው በሚቀሩት ምርጫዎች ውስጥ ነው። የቤተሰቤንም ሆነ የጎረቤቶቼን ኮምፒውተሮች ስመለከት ደጋግሜ ያየሁት ይህንኑ ነው።

ሪከቨሪ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ከቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ጋር ሲሆን (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ወሮችና ቀኖች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ በ2009 ከወጣው ዊንዶውስ 7 ጀምሮ ደግሞ ሲዲ ማስገባት ሳያስፈልግ በራሱ በዲስኩ ላይ ተጭኖ መቅረብ ጀመረ። አሠራሩ ብልህ ነው። ዋናው ዊንዶውስ ካለበት ክፍል ተለይቶ ፓርቲሽን በሚባል ትንሽ የዲስክ ክፋይ ላይ ይቀመጣል፤ ሲያስፈልግ ሙሉ በሙሉ ወደ ራም (ወደ ኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) ተጭኖ የሚሠራ ትንሽ ዊንዶውስ ነው። ስለዚህ ዋናው ሥርዓት ፈጽሞ ቢበላሽ እንኳ እርሱ ይነሳል። ዊንዶውስ በተከታታይ 2 ጊዜ መነሳት ሲያቅተው በሚቀጥለው ሙከራ ሪከቨሪው በራሱ ይከፈታል፤ ከተነሳ በኋላ በ2 ደቂቃ ውስጥ በተከታታይ 2 ጊዜ በድንገት ቢጠፋም እንዲሁ። ተጠቃሚው የሚያየው ሰማያዊ ገጽ ላይ የተደረደሩ ጥቂት ምርጫዎች ሲሆን፣ «ትራብልሹት» ከዚያም «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚሉትን ሲከተል ዋናዎቹ መሣሪያዎች ይገኛሉ።

መሣሪያውን ከመገምገም በፊት ግን እስከ የት እንደሚደርስ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሪከቨሪ ሊጠግነው የማይችለውን ብልሽት ይዞ ይጠብቀዋል። ኮምፒውተሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚሠራው በማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ በሚገጠሙበት ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለው ባዮስ የተባለ የመነሻ ፕሮግራም ነው፤ እርሱ ራሙን፣ ስክሪኑንና ዲስኩን ፈትሾ ሲያበቃ ብቻ ሥራውን ለዊንዶውስ ያስረክባል። ቁልፉ ተጭኖ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ጉዳዩ የኃይል ነው፦ ሶኬት፣ ቻርጀር፣ ባትሪ ወይም ፓወር ሰፕላይ። ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ፣ ወይም ማሽኑ ተደጋጋሚ የጢጥታ ድምፅ ካሰማ፣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ራም ነው፤ አውጥቶ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ በትክክል መልሶ መሰካት ብዙ ጊዜ ይበቃል። የአምራቹ ዓርማ ታይቶ ከሥሩ የሚሽከረከሩት ነጠብጣቦች ከመጡ በኋላ ከቆመ ግን ብልሽቱ ወደ ዊንዶውስ ክልል ገብቷልና ሪከቨሪ ሊደርስበት ይችላል። በዚህ መሐል ደግሞ ፍላሽ ወይም ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ተሰክቶ ቀርቶ ባዮሱ ከእርሱ ለመነሳት እየሞከረ እንደሆነ ማየት ተገቢ ነው፤ ቀላል መስሎ ቢታይም ሰዓታትን የሚበላ ምክንያት ነው።

በእኛ አገር ላሉ አሮጌ ዴስክቶፖች በተለይ ላነሳው የምፈልገው ነገር በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ ናት። ሲአር 2032 የምትባለው ይህች ባለ 3 ቮልት ባትሪ ኮምፒውተሩ ከኤሌክትሪክ በተለየ ጊዜ የባዮሱን ሰዓትና ምርጫ ትጠብቃለች። ከውጭ አገልግሎ የመጣ ዴስክቶፕ ገና ከጅምሩ ያረጀች ባትሪ ሊኖረው ይችላል፤ መብራት ደጋግሞ በሚጠፋበት ቤት ደግሞ ድካሟ ፈጥኖ ይታወቃል። ባትሪዋ ስትደክም ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የመነሻ ዲስክ ቅደም ተከተል ሊዛባ ይችላል፣ ዲስኩ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገርበት ስልትም ወደ ፋብሪካው ምርጫ ሊመለስ ይችላል። ይህ የመጨረሻው ሲሆን ዊንዶውስ የራሱን ዲስክ ማግኘት ያቅተውና ሰማያዊ የስሕተት ገጽ አሳይቶ ይጠፋል። በዚህ ጊዜ ሪከቨሪ ተከፍቶ ሊጠግን ይሞክራል፣ አይሳካለትምም፤ ዊንዶውስ አልተበላሸምና። በየጠዋቱ ሰዓቱ የተዛባ ኮምፒውተር አልነሳ ካለ፣ ፎርማት ከማድረግ በፊት ባትሪዋን መቀየርና የባዮሱን ምርጫ ማስተካከል ይቅደም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። ስታርትአፕ ሪፔር የሚሠራው የመነሻ ፋይሎችን፣ የመነሻ ዝርዝሩን፣ የዲስኩን አደረጃጀት፣ የሬጂስትሪውን (የዊንዶውስ ምርጫዎች የሚመዘገቡበትን ማኅደር) እና የድራይቨሮችን (የሃርድዌር ክፍሎችን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኙ ፕሮግራሞችን) ሁኔታ በራሱ እየፈተሸ የሚያውቀውን ጉድለት ማስተካከል ነው። የሚሳካለት ብልሽቱ በመነሻ ፋይሎቹ ላይ ሲወሰን ነው፤ ለምሳሌ በመጫን ሂደት መካከል መብራት ጠፍቶ የመነሻ ዝርዝሩ ቢበላሽ፣ ወይም ሁለተኛ ሥርዓት ሲጫን የዊንዶውስ መነሻ ቢዛባ። ከዚህ ውጭ ባሉት ብልሽቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ ረዘም ያለ ጥበቃ አድርጎ ኮምፒውተሩን መጠገን እንዳልቻለ የሚገልጽ አጭር ዓረፍተ ነገር ያሳያል። ለምን እንዳልቻለ በገጹ ላይ አይናገርም። ያደረጋቸውን ምርመራዎች የመዘገበበት ፋይል በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ጠለቅ ብሎ ተቀምጧል፤ መገኛውን በስሕተት መልእክቱ ውስጥ ቢጠቁምም ያንን ፋይል መክፈት የሚችል ሰው መሣሪያውን ብዙም አይፈልገውም። ለቤት ተጠቃሚ ተብሎ የተሠራ ነገር ያገኘውን ውጤት ለባለሙያ ብቻ በሚነበብ መልክ መደበቁ ትልቅ ጉድለት ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ወደዚሁ ጥገና እየተመለሰ የሚዞርበት ሁኔታ ነው፤ ባለቤቱ ሌላ መውጫ እንዳለ ስለማያውቅ ማሽኑ ሞቷል ብሎ ይደመድማል።

ሌላም ቅሬታ አለኝ። ቀድሞ ዊንዶውስ የሬጂስትሪውን ቅጂ በራሱ ጊዜ ያስቀምጥ ስለነበር፣ መብራት ጠፍቶ ሬጂስትሪው ሲበላሽ የቆየውን ቅጂ መልሶ በማስቀመጥ ኮምፒውተርን ማዳን ይቻል ነበር። በ2018 ከወጣው የዊንዶውስ 10 እትም ጀምሮ ማይክሮሶፍት የዲስክ ቦታ ለመቆጠብ ሲል ይህን አቁሞ በምትኩ ዊንዶውስን ቀድሞ ወደነበረበት ሁኔታ የሚመልሰውን ሲስተም ሪስቶርን እንድንጠቀም መክሯል። ሲስተም ሪስቶር በበኩሉ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ቁጠባው ከመቶ ሜጋባይት ብዙም ለማይርቅ ቦታ ሆኖ ሳለ፣ መብራት በሚቆራረጥበት አገር ያለ ተጠቃሚ ግን እጅግ የሚያስፈልገውን መከላከያ አጣ። ሲስተም ሪስቶርን ዛሬውኑ መክፈት ይህን ክፍተት በከፊል ይሞላል፤ በስታርት ማውጫ ውስጥ «ክሪኤት ኤ ሪስቶር ፖይንት» ብሎ መፈለግና ለሲ ድራይቭ ማብራት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ከደካማው ቁልፍ አልፈን ወደ ውስጥ ስንገባ ሁኔታው ይለወጣል። «አንኢንስቶል አፕዴትስ» የተባለው ምርጫ ከተመለከትኳቸው ሁሉ ቀልጣፋው ነው። ኮምፒውተሩ ትናንት ደህና ሠርቶ፣ ማታ ማሻሻያ ጭኖ፣ ጠዋት አልነሳ ካለ፣ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ለመገመት ምርመራ አያስፈልግም፤ የመጨረሻውን ወርኃዊ ማሻሻያ ወይም የመጨረሻውን ትልቅ የእትም ለውጥ ለይቶ ያነሳል። ትልቁን የእትም ለውጥ ለመመለስ የሚፈቀደው ጊዜ ግን 10 ቀን ብቻ ስለሆነ መዘግየት ዋጋ ያስከፍላል።

ሴፍ ሞድ ደግሞ የዚህ ሁሉ ምሰሶ ነው። ዊንዶውስን በመሠረታዊ ድራይቨሮች ብቻ ስለሚያስነሳ፣ ከተነሳ ጥፋቱ ከተጨመረ ድራይቨር ወይም ፕሮግራም እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል፤ ጥፋተኛውንም እዚያው ማራገፍ ይቻላል። ብዙ ሰው ዛሬም ኤፍ 8ን እየደጋገመ ይጫናል፤ ይህ መንገድ ግን በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ ተዘግቷል። አሁን የሚገባው በሪከቨሪ በኩል «ስታርትአፕ ሴቲንግስ» ተመርጦ፣ ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሳ ቁጥር 4ን፣ ኢንተርኔት ካስፈለገ ደግሞ 5ን በመጫን ነው። የዚህን ምርጫ ክብደት ዓለም ያየው ሐምሌ 19 ቀን 2024 ነው። በዚያን ቀን ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ባሠራጨው የተበላሸ ማሻሻያ ምክንያት፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች መነሳት አቅቷቸው በየአየር ማረፊያው፣ በየሆስፒታሉና በየባንኩ ሥራ ቆመ። በየማሽኑ አጠገብ ቆሞ የተሠራው መፍትሔ ሴፍ ሞድ ወይም ሪከቨሪ ውስጥ ገብቶ ከኩባንያው ፎልደር አንድ ፋይል መሰረዝ ነበር። ግዙፍ ድርጅቶችን የታደገው ይኸው መንገድ በቤታችን ባለው ላፕቶፕ ውስጥም አለ።

አሁን ከሁሉ አብልጬ ወደምወደው ክፍል ደርሻለሁ፤ እርሱም ኮማንድ ፕሮምፕት ነው። ጥቁር ገጽና ትእዛዝ መጻፍ ብዙዎችን ያስፈራል፣ ፍርሃቱም ይገባኛል፤ ነገር ግን እዚህ የምናገረው አንድ ቃል ብቻ ስለሚጠይቅ አጠቃቀም ነው። በጥቁሩ ገጽ ላይ ኖትፓድ የሚለውን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈን ኢንተር ስንጫን የተለመደው የጽሑፍ መስኮት ይከፈታል። ከ«ፋይል» ሥር «ኦፕን»ን መርጠን፣ ከታች ያለውን የፋይል ዓይነት ሁሉንም ፋይሎች ወደሚያሳየው ስንቀይር፣ ያ መስኮት በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ የምንዘዋወርበት ማሳያ ይሆናል። «ዩዘርስ» ከተባለው ፎልደር የራሳችንን ስም ከፍተን፣ ፎቶግራፎችንና ሰነዶችን በቀኝ ጠቅታ ኮፒ አድርገን፣ በተሰካው ፍላሽ ወይም ውጫዊ ዲስክ ላይ ፔስት ማድረግ እንችላለን። ሁለት ነገር ልብ ይባል፦ በሪከቨሪ ውስጥ የድራይቭ ፊደሎች ሊቀያየሩ ስለሚችሉ የለመድነው ሲ ድራይቭ በሌላ ፊደል ሊገኝ ይችላል፤ ቅጂው ሲካሄድም የሂደት ማሳያ ስለማይታይ መስኮቱ የቆመ ይመስላልና ታግሶ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ጎረቤቴ የሆኑ ጡረታ የወጡ መምህርት ላፕቶፓቸው አልነሳ ብሎ «ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም» ሲባሉ ወደ እኔ መጥተው፣ «ልጄ፣ ማሽኑስ ይቅር፤ የልጆቼ ፎቶ ብቻ ይትረፍልኝ» ነበር ያሉኝ። ስታርትአፕ ሪፔር ምንም አልፈየደም፣ ሴፍ ሞድም አልተከፈተም፤ ፎቶዎቹ ግን በዚህ በኖትፓድ መንገድ አንድም ሳይጎድል ወጡ። ከዚያ በኋላ ፎርማቱ የሚያሳዝን ነገር አልነበረም። እንዲህ ያለ ነገር ለማከናወን ምንም የተለየ ፕሮግራም አለመጠየቁ በዚህ መሣሪያ ላይ ያለኝን አክብሮት ከምንም በላይ የሚያጸና ነው፤ ማይክሮሶፍት ግን «ፋይሎቼን አውጣልኝ» የሚል ቀጥተኛ ቁልፍ በዚያ ገጽ ላይ እስከ ዛሬ አለማስቀመጡ ያሳዝነኛል። አብዛኛው የቤት ተጠቃሚ በዚያች ሰዓት የሚፈልገው ነገር እርሱ ነውና፣ በጽሑፍ መጻፊያ መስኮት በኩል ዞሮ መድረስ አይገባውም ነበር።

በዚሁ ጥቁር ገጽ የዲስክ ምርመራ ትእዛዝን ማስኬድም ይቻላል፤ ቼክ ዲስክ የሚባለው ነው። በመብራት መቋረጥ የተዛባ የፋይል አደረጃጀትን በሚገባ ያስተካክላል። ነገር ግን ሃርድ ዲስኩ የመንኳኳት ድምፅ የሚያሰማ ወይም እየዘገየ የመጣ ከሆነ ይህን ትእዛዝ ከማስኬድ በፊት ፋይሎችን ማውጣት ግድ ነው፤ በመሞት ላይ ያለ ዲስክን ከዳር እስከ ዳር እንዲነበብ ማስገደድ ቀሪ ዕድሜውን ሊጨርሰው ይችላል። በእንዲህ ያለ ዲስክ ላይ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ፋይል፣ ቀጥሎ ጥገና ነው።

«ሪሴት ዚስ ፒሲ» የሚለው ምርጫ ቤት ውስጥ የሚደረግ ፎርማት ማለት ሲሆን በሁለት መልክ ይቀርባል። አንደኛው የግል ፋይሎችን ጠብቆ ፕሮግራሞችን ብቻ ያጠፋል፤ የጠፉትንም ፕሮግራሞች ዝርዝር በዴስክቶፑ ላይ ይተውልናል። ሁለተኛው ሁሉንም ያጠፋል። ስሞቻቸው «ኪፕ ማይ ፋይልስ» እና «ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ» ስለሆኑ ልዩነቱን ሳያነቡ ማለፍ አይገባም። የመጀመሪያው በአብዛኛው ቃሉን ይጠብቃል፤ ያም ሆኖ ቅጂ ሳይያዝ እንዲጫን አልመክርም፣ በተለይ ሰዎች ፋይላቸውን ከተለመዱት ፎልደሮች ውጭ በቀጥታ በሲ ድራይቭ ላይ የማስቀመጥ ልማድ ስላላቸው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ አዲሱ ዊንዶውስ ከኢንተርኔት ይውረድ ወይስ ከራሱ ከኮምፒውተሩ ይወሰድ የሚለው ነው። ከኢንተርኔት ሲሆን ከ4 ጊጋባይት በላይ ዳታ ሊወስድ ይችላል፤ በሞባይል ዳታ ለሚጠቀም ቤተሰብ ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። ከራሱ ከኮምፒውተሩ ሲወሰድ ነፃ ነው፤ ነገር ግን የዊንዶውስ ፋይሎቹ ራሳቸው የተበላሹ ከሆነ ሂደቱ በመካከል ሊከሽፍ ይችላል። ስለዚህ ዳታ ያለው ሰው የመጀመሪያውን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሰው ሳያውቀው የሚገጥመው ግድግዳ የዲስክ ምስጠራ፣ ማለትም ዲስኩ ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ መቆለፉ ነው። በአዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ዊንዶውስ 11 በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈት ዲስኩ በራሱ ይመሰጠራል፤ በ2024 በወጣው 24ኤች2 እትም መስፈርቱ ስለላላ ይህ የሚደረግባቸው ማሽኖች በዝተዋል። ለሌባ ጥሩ መከላከያ ነው። ኮምፒውተሩ አልነሳ ሲል ግን ሪከቨሪ ወደ ፋይሎቹ ለመግባት ባለ 48 አኃዝ የማገገሚያ ቁልፍ ይጠይቃል፤ ያ ቁልፍ የሌለው ሰው ከላይ የገለጽኩትን የኖትፓድ መንገድ መጠቀም አይችልም፣ ሌላም ባለሙያ ሊረዳው አይችልም። የባዮስ ምርጫ መለወጥ ወይም የማዘርቦርድ መቀየር ብቻውን ይህን ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። ቁልፉ የሚቀመጠው መጀመሪያ ኮምፒውተሩ በተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዙ ሰዎች እንዲጠነቀቁ አጥብቄ እለምናለሁ፦ ሻጩ ወይም ዊንዶውሱን የጫነው ቴክኒሺያን በራሱ አካውንት ከፍቶት ከሆነ የእናንተ ዲስክ ቁልፍ የሚገኘው በእርሱ እጅ ነው። ማሽኑ ደህና እያለ በሴቲንግስ ውስጥ ምስጠራው መኖሩን ማየት፣ ካለም ቁልፉን በወረቀት ጽፎ ከቤት ካርታና ከልደት ምስክር ወረቀት ጋር ማስቀመጥ ይገባል።

ማይክሮሶፍት ይህን መሣሪያ የሚንከባከበው በሚገባው መጠን ነው ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሴ አይደለም ነው። በጥር 2024 በሪከቨሪ በኩል ምስጠራውን ማለፍ የሚያስችል ቀዳዳ ለመድፈን የወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ፣ የሪከቨሪ ፓርቲሽናቸው ጠባብ በሆነ ኮምፒውተሮች ላይ አልጫን አለ፤ ኩባንያውም ተጠቃሚዎች ፓርቲሽኑን በ250 ሜጋባይት በትእዛዝ እንዲያሰፉ የሚገልጽ መመሪያ አወጣ። አንድ የቤት ተጠቃሚ በገዛ እጁ ፓርቲሽን እንዲያሰፋ መጠየቅ ሊሆን የሚገባው አይደለም። በጥቅምት 14 ቀን 2025 የወጣው የዊንዶውስ 11 ማሻሻያ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር፦ በሪከቨሪ ውስጥ በዩኤስቢ የሚሰኩ ኪቦርዶችና ማውሶች መሥራት አቆሙ። በዋናው ዊንዶውስ ውስጥ ሁሉም ስለሚሠራ ችግሩ የሚታወቀው መሣሪያው በሚያስፈልግበት ሰዓት ብቻ ነበር። ማረሚያው በ6 ቀን ውስጥ፣ በጥቅምት 20፣ መውጣቱ የሚያስመሰግን ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ሳይፈተሽ መውጣቱ ግን የማዳኛ መሣሪያው በኩባንያው ዘንድ ከዋናው ሥራ ዝቅ ብሎ እንደሚታይ ይጠቁመኛል።

በበጎ ጎኑ፣ ከ2024ቱ የክራውድስትራይክ አደጋ በኋላ ማይክሮሶፍት ክዊክ ማሽን ሪከቨሪ የተባለ አዲስ ክፍል ጨምሮ በ2025 በዊንዶውስ 11 ላይ አውጥቷል፤ በሆም እትም ላይ በራሱ የበራ ነው። ኮምፒውተሩ መነሳት ሲያቅተው ከሪከቨሪ ውስጥ ሆኖ በኬብል ወይም በዋይፋይ ኢንተርኔት ፈልጎ፣ ለብዙ ሰዎች የደረሰ የታወቀ ብልሽት ከሆነ መፍትሔውን አውርዶ ይጭናል። ሐሳቡ ትክክለኛ ነው። ለአንድ ግለሰብ ኮምፒውተር ብቻ ለደረሰ ብልሽት ግን መልስ አይኖረውም፤ ኢንተርኔቱ በተቋረጠበት ቤትም እንዲሁ።

ለማን ይሆናል ብባል፣ ኮምፒውተሩ የመነሻ ዓርማውን እያሳየ ከዚያ ለማይዘልቅ ማንኛውም የቤት ተጠቃሚ ወደ ጥገና ቤት ከመሄዱ በፊት ሊሞክረው የሚገባ መሣሪያ ነው እላለሁ። የምመክረው ቅደም ተከተል ከገጹ አደራደር ይለያል፦ በቅርቡ ማሻሻያ ከተጫነ እርሱን ማንሳት፣ ካልሆነ ሴፍ ሞድ፣ ቀጥሎ ሲስተም ሪስቶር፣ ካልሠራ በኮማንድ ፕሮምፕት ፋይሎችን ማውጣት፣ በመጨረሻ ሪሴት። ስታርትአፕ ሪፔርን አንድ ጊዜ ማስኬድ አይጎዳም፤ ደጋግሞ ማስኬድ ግን ጊዜ ማባከን ነው። የዲስክ፣ የራም ወይም የማዘርቦርድ ብልሽት ሲሆን ጥሩ ቴክኒሺያን የሚተካው የለም፤ እዚያም ስትሄዱ ፋይላችሁን አስቀድማችሁ ካወጣችሁ ንግግሩ ሁሉ ይቀልላል።

አንድ ዝግጅት ብቻ ይቀራል። አንዳንድ ቴክኒሺያኖች ቦታ ለማስፋት ሲሉ የሪከቨሪውን ፓርቲሽን ስለሚሰርዙት በእናንተ ማሽን ላይ መኖሩን ዛሬ፣ ኮምፒውተሩ ደህና እያለ፣ ማረጋገጥ ይቻላል፦ የሺፍትን ቁልፍ ይዞ ከስታርት ማውጫ ሪስታርትን መጫን ነው። ሰማያዊው ገጽ ከመጣ አለ፤ ኪቦርዱና ማውሱ እዚያ ውስጥ መሥራታቸውንም በዚያው ማየት ይቻላል። ካልመጣ፣ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ የሚገኘውን ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል አውርዶ ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሆነ ባዶ ፍላሽ ላይ የዊንዶውስ መጫኛ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ ከዚያ ፍላሽ ሲነሳ ከመጫኛው ምርጫዎች መካከል የመጠገኛው ስለሚገኝ፣ ከላይ የጠቀስኳቸው አብዛኞቹ መሣሪያዎች በእርሱ በኩል ይከፈታሉ፤ በአንድ ቤት ላሉ በርካታ ኮምፒውተሮችም አንዱ ፍላሽ ይበቃል።